ስም እዚህ ይቀራል፦ ለኮንትራት ሠራተኛና ለቤተሰቡ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)



አቅራቢ፦ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮንትራት ሥራ ነው። ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት ልጅ ወይም እህት የላከ ቤት በየመንደራችን ብዙ ነው። ሊሄድ ፓስፖርት አውጥቶ ወረፋ የሚጠብቅም አለ። ስለዚህ ወላጆችም፣ ወጣቶችም፣ ጆሯችሁን ስጡን።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ልጃችሁ ኮንትራት ስትሄድ ደመወዟ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህን የማያውቅ ወላጅ የለም። የፈረመችው ውል ቅጂስ የት ነው? እናንተ እጅ አለ? እርሷስ ይዛዋለች? ወይስ ደላላው ጋ ቀርቷል?

(አጭር ዝምታ)

ሰው ሲሄድ ሁሉ ነገሩ አብሮት የሚሄድ ይመስለናል። አይሄድም። ስሙ እዚህ ይቀራል። በመሬት ደብተሩ ላይ፣ በወረዳው የግብር መዝገብ፣ በባንክ ሒሳቡ፣ በቤቱ ካርታ ላይ ስሙ አለ። እዚያ ደግሞ በኢቃማው ማለትም በመኖሪያ ፈቃዱ፣ በውሉ፣ በአሠሪው ዘንድ ሌላ መዝገብ ተከፍቶለታል። ኮንትራት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ በሁለት አገር ሕግ ሥር ነው የሚኖረው። ሠራተኛው አንድ ነው፤ መዝገቡ ግን ሁለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

(ሙዚቃ፤ ለአፍታ)

አቅራቢ፦ ከውሉ እንጀምር።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። አዋጁ የመጣው ከብዙ መከራ በኋላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። በዚያው ዓመት ጥቅምት መንግሥት ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰው መሄዱን አላቆመም። ያቆመው ነገር ቢኖር በወረቀት መሄድ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ደመወዙ ሲቀር የሚከሰው አያገኝም፤ ሲታመም የሚያሳክመው አያገኝም።

አሁን ሕጉ ምን ይላል? ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ አትሄድም። ዕድሜ ጨምሮ ፓስፖርት ማውጣት ልጅቱን ይጎዳታል፤ እዚያ ችግር ቢገጥማት ሕፃን መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት አይኖራትምና። ሠራተኛ የሚሄደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተፈራረመችበት አገር፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍናል? ጥያቄው የብዙ ቤት በሬ ያሸጠ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱና የመድን ሽፋኑ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርቷን፣ የጤና ምርመራዋንና የክትባቷን፣ ከወንጀል ነፃ መሆኗን የሚገልጸውን ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷንና የሲኦሲ ማለትም የሙያ ብቃት ፈተናዋን ነው።

ልድገመው። ቲኬትና ቪዛ የአሠሪው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቡሬ መናኸሪያ ቁጭ አድርጓችሁ «ለቪዛና ለቲኬት ይህን ያህል ሺህ ብር አምጡ» ቢላችሁ ምን ማለት ነው? ወይ ኤጀንሲ አይደለም፣ ወይ ሕጉን እየጣሰ ነው። በሬ ከመሸጣችሁ በፊት የወረዳችሁን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ሕገወጥ ደላላን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት አለው። ልጅ ከተጎዳች በኋላ ግን የደላላው መታሰር ለእናቷ ምን ይመልስላታል?

ኤጀንሲና ደላላ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሒሳብ አስይዟል። አሠሪው እዚያ ደመወዝ ቢከለክል፣ ኤጀንሲው እዚህ ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ ልጅቱ ሪያድ ሆና የማታውቀውን ፍርድ ቤት ባትደርስም፣ ወላጆቿ ውሉን ይዘው እዚሁ አቤት ማለት ይችላሉ። ውሉን ይዘው ነው ያልኩት። ቅጂው ከሌለ የኤጀንሲውን ስም እንኳ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ይጠፋል።

እንግዲህ ውሉ እጃችሁ ሲገባ ምን ታዩበታላችሁ? ደመወዙን ታያላችሁ፤ በየትኛው ገንዘብና በየስንት ጊዜ እንደሚከፈል ታያላችሁ። የዕረፍት ቀኑን፣ የውሉን ዘመን፣ የአሠሪውን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የመድኑን ነገር ታያላችሁ። መድኑን ሰው ይዘለዋል። አምላክ አያድርገውና ሠራተኛዋ ብትጎዳ ወይም ብትሞት፣ ቤተሰቧ ካሣ የሚጠይቀው በዚያ አንቀጽ ነው። ማንበብ የማትችሉ አባቶችና እናቶች ተማሪ ልጃችሁን አስነብቡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስም! ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም፣ መሬት ደብተሩ ላይ የቤት ስም፣ ባንክ ላይ ሌላ አጻጻፍ ይሆንና ኋላ መከራ ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት የፋይዳ መታወቂያው፣ ፓስፖርቱ፣ የባንክ ሒሳቡና የመሬት ደብተሩ በአንድ ስም መሆናቸውን አረጋግጡ። እዚህ ሆናችሁ በቀላሉ የምታስተካክሉትን ከጂዳ ሆናችሁ ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው።

ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ሾፌሮች፣ እናንተንም አልረሳሁም። በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ገብታችሁ ሥራ ልትፈልጉ የምታስቡ አላችሁ። የጉብኝት ቪዛ ሥራ አይፈቅድም። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት ይቆጠርባችኋል፤ ደመወዝ ብትከለከሉም ለመክሰስ የምታቀርቡት ውል የለም።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ።

በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኳታርና በኩዌት መንግሥት ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆርጥም። ስለዚህ ውሉ 1,000 ሪያል ይላል እንበል። አሠሪው 800 ሰጥቷት «ቀሪው የመንግሥት ግብር ነው» ቢላት ትቀበል? አትቀበል። እንዲህ ያለ ግብር የለም። የኢቃማ ክፍያም ቢሆን የአሠሪው ግዴታ እንጂ ከእርሷ ደመወዝ የሚቀነስ አይደለም። ሱቅ ሄዳ ስትገዛ ግን ታክስ ትከፍላለች። በሳዑዲ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ በኤምሬትስ 5 በመቶ ነው። ዋጋው ውስጥ ገብቶ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው አያስተውለውም።

እስራኤል፣ ጣልያን ወይም ቱርክ የሚሠራ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ግብር ገና ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል። ኢትዮጵያ ከነዚህ አገሮች ጋር አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይቀረጥ የሚያደርግ ስምምነት አላት። ስምምነቱ የሚጠቅመው ግን ማስረጃ ላለው ሰው ነው። በየወሩ የሚሰጣችሁን የደመወዝ ወረቀት አትጣሉ።

በእኛ አገር ሕግስ? የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሰውን «ነዋሪ» እና «ነዋሪ ያልሆነ» ብሎ ይለያል። መኖሪያው ኢትዮጵያ ውስጥ የሆነ ሰው ነዋሪ ነው። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ፣ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየም ነዋሪ ነው። ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ እዚህ ባገኘው ብቻ ሳይሆን ውጭ ባገኘውም ገቢ ሕጉ ይመለከተዋል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ የቡሬ መካኒክ ለአራት ወር ውጭ አገር ተቀጥሮ ሠርቶ ተመለሰ እንበል። ቤቱ ቡሬ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹም ቡሬ ናቸው። ነዋሪነቱ ተቋረጠ? አልተቋረጠም። እንዲህ ያለ ሰው ያገኘውን ገቢና ውጭ የተቆረጠበትን ግብር የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሌላም ሰው አለ። ፍኖተ ሰላም ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በኮምፒውተር ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ወጣት። ከፋዩ ውጭ ስለሆነ ግብር እዚህ የለብኝም ብሎ የሚያስብ አለ። ተሳስቷል። ሠሪው እዚህ ነው፤ ሥራውም እዚህ ነው የተሠራው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጣ፤ ገንዘቡን በባንክ ይቀበል፤ ገቢውን ያሳውቅ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ቤተሰብ የሚጠይቀው ደግሞ ይህ ነው፦ «ልጄ የምትልክልኝ ብር ግብር አለበት?»

በባንክ ስትቀበሉ ባንኩ ግብር አይቆርጥባችሁም። ገንዘቡ እዚህ መጥቶ ሥራ ሲጀምር ግን ግብር ይመጣል። በላከችው ብር ደንበጫ ላይ ቤት ሠርታችሁ ብታከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። ሱቅ ብትከፍቱ የንግድ ግብር አለ። የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? በልጅቱ ስም ከሆነ ግብሩም በልጅቱ ስም ነው የሚፈለገው። እርሷ ኩዌት ሆና የግብር ጊዜ ይመጣል፤ ሰው አልቀረበም፤ ቅጣት ይጨመራል፤ ወለድ ይጨመራል። ተመልሳ ስትመጣ ያልጠበቀችው ዕዳ ይጠብቃታል። ሰው ይሄዳል፤ ስሙ ግን እዚህ ይቀራል ያልኳችሁ ይህን ነው።

ብሩ በምን መንገድ ይምጣ? በባንክ ይምጣ እላለሁ። በሰው እጅ የሚመጣው ሐዋላ ደረሰኝ የለውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ የባንኩ ዋጋ እንደ ድሮው ከጥቁር ገበያው እጅግ የራቀ አይደለም። ከውጭ የሚላክላቸው ነዋሪዎችም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። ውጭ ከዓመት በላይ የኖረችው ልጅ ደግሞ በስሟ የዲያስፖራ ሒሳብ መክፈት ትችላለች። እኔ ወላጆችን የምመክረው፣ ከሚላከው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ቢሆን በልጅቱ በራሷ ሒሳብ ይግባ። ስትመለስ ባዶ እጇን የምትቀር እህት በየመንደሩ አለች፤ ሁላችንም እናውቃታለን። ያ እንዲቀጥል መፍቀድ የለብንም።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል፤ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሬቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጎጃም ግብርና መሬት የማይለያዩበት አገር ነው። በንጉሡ ዘመን ግብር መክፈል የርስት ምስክር ነበር። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣበት በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የተነሣው፣ ግብሩ በዝቶበት ብቻ ሳይሆን ግምቱና ልኬቱ ርስቴን ያሳጣኛል ብሎ ስለፈራ ነው። ነገሩ ከፍቶ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሥልጣን እስኪነሡ ደርሷል። አያቶቻችን የግብር ደረሰኝ በአገልግል ውስጥ የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዛሬ ርስት የለም፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለ። አረንጓዴው ደብተር። ለምሳሌ አንዲት የጃቢ ጠህናን ሴት ከባሏ ጋር አራት ቃዳ መሬት አላት እንበል። ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም፣ የሁለቱም ፎቶ አለ። እርሷ ሳዑዲ ሄደች። ባል መሬቱን ሊያከራይ ፈለገ። ብቻውን ይችላል? የእርሷ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዷን እንዴት ትሰጣለች? በውክልና።

ብቻዋን የያዘችውስ? ሄደች፤ መሬቱን ለወንድሟ በቃል «እረስልኝ» ብላ ሰጠችው። ዓመታት አለፉ። የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያውንና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩን ማን ከፈለ? በማን ስም ደረሰኝ ተቆረጠ? ባለይዞታው አካባቢውን ለቆ ለብዙ ዓመት ሲጠፋ፣ ተወካይ ሳይተው፣ መሬቱንም ሳያከራይ ጦም ሲያሳድር፣ የይዞታ መብቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ግብሩ በየዓመቱ ይከፈል፤ ደረሰኙ በባለደብተሯ ስም ይቆረጥ፤ ኪራይም ከሆነ በጽሑፍ ተዋዋሉና ቀበሌው መሬት አስተዳደር አስመዝግቡት። ወንድም ቢሆንም በጽሑፍ። ወንድም ስለሆነም በጽሑፍ እላለሁ፤ ወንድማማችን ያጣላ የቃል ስምምነት በየፍርድ ቤቱ ደጅ ታያላችሁ።

ውክልናውን በተመለከተ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና ሁለት ዓይነት ነው። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ይሰጣል፤ ተወካዩ ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ የመሬቱን ፍሬ መሸጥ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት ይችላል። ቤት መሸጥ፣ ቤት አስይዞ መበደር ግን ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ በግልጽ ተጽፎ መሰጠት አለበት።

ታዲያ የትኛውን ትስጥ? ቤቷን ልትሸጥ ካላሰበች የመሸጥ ሥልጣን ለምን ትሰጣለች? ተጣድፋ፣ ነገ በረራ አለባት፣ «ሁሉንም ጻፍላት» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለግብሩ፣ ለኪራዩና ለባንኩ ጉዳይ የሚበቃውን ትስጥ፤ የሚቀረውን ሲያስፈልግ ትሰጣለች። ሐሳቧን ብትለውጥም ውክልናን በማንኛውም ጊዜ መሻር ትችላለች።

(አጭር የሙዚቃ ምልክት)

አቅራቢ፦ ሰዓታችን እየደረሰ ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚቸገርበት አንድ ጥያቄ ልዝጋ። «እህቴ ጂዳ ናት። ውክልና የሰጠችው አባታችን ነበር፤ አባታችን ግን ዐረፈ። አሁን በዚያው ወረቀት እኔ መክፈልና ማከራየት እችላለሁ?»

አትችልም። ተወካይ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ለልጅ አይወረስም። እህትህ ጂዳ ወዳለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ፓስፖርቷን ይዛ ትሂድ። አንተን በሙሉ ስምህ፣ በፋይዳህ ላይ እንዳለው አድርጋ ትወክል። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ከዚያ ለመሬቱ ቀበሌው መሬት አስተዳደር፣ ለቤቱ ኪራይ ደግሞ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቅጂ አስገባ፤ ዋናውን ቤት አስቀምጥ። ወረቀቱ እስኪደርስ ድረስ የግብሩ ጊዜ ካለፈ፣ ቅጣቱ ሳይከማች ጽሕፈት ቤቱ ቀርበህ ሁኔታውን በጽሑፍ አስረዳ፤ ያስገባኸውንም ደብዳቤ ቅጂ ላይ ማኅተም አስመታ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመላሾች ሥራ ሲጀምሩ ስለሚገጥማቸው የንግድ ፈቃድና የብድር ጉዳይ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)